ከሱቅ በፊት ልብስ ሰፊ ጋ፦ የአዘቦት ልብሳችንን የምናድስበት መንገድ

ቁም ሳጥኑ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ይላል። ጠዋት ግን ፊቱ ቆመን «የምለብሰው የለኝም» እንላለን። እኔ ለብዙ ዓመታት መልሱ ሱቅ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ደመወዝ ሲገባ አንድ ሸሚዝ ወይም አንድ ጃኬት እገዛለሁ። ወሩ ሳያልቅ ያው ጥያቄ ይመለሳል።

አንድ ዓመት ጳጉሜ ላይ ልብሶቼን በሙሉ አውጥቼ አንድ በአንድ ለበስኳቸው። የማልለብሰውን ባነሳሁ ቁጥር ምክንያቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ወገቡ ይሰፋል። እጅጌው ይረዝማል። ቁልፉ ወድቋል። ዚፑ ተበላሽቷል። ወረቀቱን መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ። አብዛኛው፣ ልብስ ሰፊ እጅ ቢገባ፣ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን በነዚያ ልብሶች ምትክ ስንት ጊዜ ሱቅ ተመላልሻለሁ!

በዚህ ነገር ዕድለኞች ነን። በየሰፈሩ ሲንጀሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ አለ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቼ አንድ ሱሪ ለማሳጠር የሚጠየቁትን ሲነግሩኝ ይገርመኛል። አንዳንዴ አዲስ መግዛት ይቀላቸዋል። እኛ ልብስ ሰፊ ትዝ የሚለን ግን ሰርግ ሲደርስ ወይም የልጆች ዩኒፎርም ሲታዘዝ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ በየዓመቱ የምከተለውን አካሄድ ነው። ለወንድም ለሴትም ይሆናል።

መቼ ይጀመር?

ጳጉሜ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። 5 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ክረምቱ እየለቀቀ፣ ፀሐይዋ ብቅ እያለች፣ ቤቱም ለበዓል እየተጸዳ ነው። ልብሱን ማውጣትና መለየት ያኔ ይሁን። ልብስ ሰፊ ጋ ግን በዚያ ሳምንት አትሂዱ። ዩኒፎርሙና የበዓል ልብሱ ተደራርቦባቸው ፋታ የላቸውም። በጥድፊያ የተሰፋ ነገር ደግሞ ያስታውቃል። የሚጠገነውን በፌስታል አድርጋችሁ አቆዩትና መስቀል ሲያልፍ ውሰዱት። የጥቅምት ብርድ ሳይገባ ይደርስላችኋል። ጳጉሜ ካለፈቻችሁም ችግር የለም። ፀሐይ ያለበት አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

1. ሁሉንም አልጋ ላይ አውጡ

ሁሉንም ስል ሁሉንም ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ፣ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን፣ በር ጀርባ የተንጠለጠለውን ሹራብ፣ እናታችሁ ቤት ትታችሁት የነበረውን ኮት። በከፊል ከጀመራችሁ ሥራው አያልቅም።

ቁም ሳጥኑ ባዶ ሲሆን አሽትቱት። የእርጥበት ሽታ ካለው ሻጋታ ጀምሮታል። ኮምጣጤ በውሃ አቅጥናችሁ በጨርቅ ጥረጉት። በሩን ከፍታችሁ ደህና አድርጎ እስኪደርቅ ተዉት። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከሆነ አራት ጣት ያህል አርቁት። ክረምት ላይ ግድግዳው የያዘው እርጥበት በጀርባው በኩል ነው የሚገባው።

ሹራብና የሱፍ ኮት ወደ መስኮት አንሱና በብርሃን እዩ። የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳ ካለው ብል ገብቶበታል። ብል የሚበላው ሱፍና ጸጉር ነው። ላብ ወይም የምግብ ጠብታ ያለበትን አብልጦ ይወዳል። ስለዚህ ሹራብ ሳይታጠብ ለወራት አይቀመጥም። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ ብል እምብዛም አይነካቸውም። እነሱን የሚያበላሻቸው እርጥበት ነው። ፀሐይ አሙቋቸው፤ አራግፏቸው፤ ከዚያ እጠፏቸው። እናቴ የጋቢ ሳጥኗ ውስጥ አሪቲ ትጥላለች። ሳጥኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ለእኔ የበዓል ሽታ ነው።

2. ለብሳችሁ ለዩ

በዓይን ብቻ የተለየ ልብስ ያሳስታል። እያንዳንዱን ልበሱት። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ግን ብቻውን አይበቃም። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ቆሞ የሚውል ሰው የለም።

እኔ የታክሲ ፈተና የምለው ነገር አለ። ልብሱን ለብሳችሁ አንድ እግራችሁን ወንበር ላይ አንሱ፤ ሚኒባስ ስትገቡ እንደምታደርጉት። ቀጥሎ ተቀመጡና ጎንበስ በሉ። ከዚያ ቆማችሁ አንድ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቧንቧውን እንደምትይዙት። ሆድ ከታየ፣ ደረት ላይ በቁልፎቹ መሐል ከተከፈተ፣ ሱሪው ጭን ላይ ጨምድዶ ከያዛችሁ፣ ያ ልብስ እንዳለ ለሥራ ቀን አይሆንም። ወይ ይስተካከላል፤ ወይ ይወጣል።

ትከሻውን ለብቻ እዩት። የእጅጌው ስፌት ማረፍ ያለበት የትከሻችሁ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ነው። ሰፋ ተደርገው የተሠሩ ልብሶች አሉ፤ እነሱ ይለያሉ። ኮትና ሸሚዝ ላይ ግን ትከሻው ከወረደ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ልብሱ የተዋሱት ይመስላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ለማይለበሰው ሁሉ ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ። «ሰፊ»፣ «አጭር»፣ «ቁልፍ»፣ «ያሳክካል»፣ «ጫማ የለውም»። ቃሏ ራሷ ልብሱ የት መሄድ እንዳለበት ትነግራችኋለች። የሚያሳክክ ልብስ በምንም አይድንም፤ ይውጣ። ሰፊው ይጠባል። ጫማ ያጣው ደግሞ መገዛት ያለበትን ነገር እየነገራችሁ ነው።

አካል ይለወጣል። ከወሊድ በኋላ፣ ከሕመም በኋላ፣ ከዕድሜ ጋር። የድሮ ልብስ እምቢ ሲላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። «ስቀንስ እለብሰዋለሁ» ብላችሁ የምታቆዩት ከሁለት አይብለጥ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ከውጭ የተላከ ስጦታ። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት ከሻንጣዋ ኪሎ ቀንሳ የላከችው ቀሚስ ልካችን አይደለም፤ ግን መስጠትም መጣልም አንጀታችን አይችልም። እንዲሁ ዓመታት ይቀመጣል። ይህን አስተካክላችሁ ልበሱት። ለብሳችሁ ፎቶ ተነሡና ላኩላት። ለሚቀጥለው ደግሞ «ሚዲየም ነኝ» አትበሉ። የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌና የትከሻ ልካችሁን በሴንቲ ሜትር ጽፋችሁ ስጡ። ቁጥሩ በየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ የወንድ ኮት በአውሮፓ 50 የሚባለው በአሜሪካ 40 ነው። ሴንቲ ሜትር ግን የትም ቢሆን አንድ ነው።

3. የሚወጣው ይውጣ

ጤነኛ የሆነውን አጥባችሁ፣ ቁልፉን ተክላችሁ፣ አጣጥፋችሁ ስጡ። የምታውቁት ሰው ከሆነ ሌላ ሰው ሳያይ ይሁን። እንደ መቄዶንያ ያሉ የመርጃ ማዕከላት አሉ። ልዋጭ ባዩም በራችሁ ያልፋል፤ አሮጌ ልብስ ሰጥታችሁ ሳፋ ወይም ጆግ ትወስዳላችሁ። ለማንም የማይሆን የጥጥ ከናቴራ ለቤት መወልወያ ይሆናል። ከመጣላችሁ በፊት ግን ቁልፎቹንና ጤነኛውን ዚፕ ቁረጡና በቆርቆሮ አስቀምጡ። ለነገ ጥገና ያስፈልጋሉ።

4. ሳምንታችሁን ቁጠሩ

አሁን የቀረው ልብስ ከኑሯችሁ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ወረቀት ላይ ያለፈውን ሳምንት ጻፉ። ስንት ቀን ቢሮ፣ ስንት ቀን ቤት፣ ስንት ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ስንት ቀን ከጓደኛ ጋር። እኔ ሳደርገው አንድ ነገር ታየኝ። ለሰርግ የሚሆን 6 ቀሚስ ነበረኝ። በዓመት የምሄድበት ሰርግ ሁለት ወይም ሦስት ነው። በሳምንት 5 ቀን ለምሄድበት ቢሮ ደግሞ ደህና ሱሪ 2 ብቻ። የምለብሰው የለኝም ማለቴ እውነት ነበር። የጎደለው የአዘቦት ልብስ ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን። ጥሩውን ልብስ ለትልቅ ቀን ማቆየት ልማዳችን ነው፤ ደስም ይላል። ግን ጥምቀት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከገንዘባችሁ ትልቁ ድርሻ አብዛኛውን ቀን ለምትለብሱት ይሁን።

አየሩንም አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ማታ እንደገና ብርድ። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ መደራረብ ይሻላል። ከውስጥ ቀለል ያለ ጥጥ፣ ከላዩ ስስ ሹራብ ወይም ሸሚዝ፣ ከዚያ ጃኬት። ቀትር ላይ ጃኬቱ ሲወልቅ ከሥር ያለው ብቻውን የሚያምር መሆን አለበት። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ ይህ አይሠራም። እናንተ ሰፋ ያለ፣ ስስ ጥጥ አብዙ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የሆነ፣ የታጠበና የተተኮሰ ልብስ ከነነጠላው በአንድ መስቀያ ይንጠልጠል። በዚያ ሰዓት ስለ ልብስ ማሰብ አይገባም።

5. ቀለም

ስለ ቀለም ብዙ ይባላል። ለእኔ የጠቀመኝ ቀላል ነው። ለሱሪ፣ ለጉርድ ቀሚስና ለኮት ሁለት መሠረታዊ ቀለም ምረጡ። ጥቁር ሰማያዊና ቡኒ ሊሆን ይችላል። ጥቁርና ግራጫም ይሆናል። ከላይ ለሚለበሰው ከነሱ ጋር የሚሄዱ ሁለት ሦስት ቀለሞች ጨምሩ። በቃ።

ፊታችሁን የሚያበራውን ቀለም ለማወቅ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሙ። ልብሱን አገጫችሁ ሥር ያዙ። አንዳንዱ ቀለም ፊትን ያወይባል፤ አንዳንዱ ያፈካል። በቤት አምፖል አትሞክሩት፤ ያታልላል። በጭቃ ሰሞን ደግሞ ነጣ ያለ ሱሪ ማጠብ እንደሚያበዛባችሁ አስቡ። ቡኒና ጥቁር አረንጓዴ ይሻላሉ።

6. ልብስ ሰፊ ጋ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚታመን ሰው ፈልጉ። ደህና ለብሶ ያያችሁትን የሥራ ባልደረባ ማን ጋ እንደሚያሰፋ ጠይቁ። ከዚያ በትንሽ ሥራ ጀምሩ፤ የሱሪ ጠርዝ ይበቃል። ስትቀበሉ ገልብጣችሁ እዩት። ስፌቱ ቀጥ ካለ፣ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ከገጠመ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር ከተያዘ፣ በሚቀጥለው ኮቱን ስጡት።

ልብሱን አጥባችሁ ውሰዱ። ጥጥና ጂንስ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ያጠረ ሱሪ ከሁለት እጥበት በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ሱሪ ልታሳጥሩ ስትሄዱ ደግሞ አብሮ የሚደረገውን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። በነጠላ ጫማ የተለካ ሱሪ ከፍ ያለ ጫማ ሲደረግ ያጥራል። ቀሚስም እንደዚያው ነው።

ምን ይስተካከላል? የሱሪ ወገብ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይጠባል። ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ይጠጋጉና ቅርጹ ይበላሻል። የድሮ ቦላሌ ሱሪ እግሩ ሊጠብ ይችላል። የቀሚስና የሸሚዝ ጎን በቀላሉ ይገባል፤ ሰፊ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ሁለት ስፌት ሲያዝለት ሌላ ሸሚዝ ይመስላል። ዚፕ ይቀየራል። የኮት ገበር ሲቀደድ አዲስ ገበር ይገባለታል። አባቴ የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላበት ያስገለብጠው ነበር። ኮሌታው ተፈትቶ፣ ያልተበላው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይሰፋል። አንድ ሸሚዝ በዚህ ብቻ ሁለት ዓመት ይጨምራል። ዛሬም ብትጠይቁ ደህና ልብስ ሰፊ ያውቀዋል።

ጂንስ ስታሳጥሩ «የራሱን ጠርዝ መልስልኝ» በሉ። ከላዩ ተቆርጦ፣ ፋብሪካው የሰፋው ጠርዝ ተመልሶ ይቀጠልበታል። ያጠረ መሆኑ አይታወቅም።

ማስፋት ከማጥበብ ይከብዳል። ልብሱን ገልብጡና ስፌቱ ውስጥ የተረፈውን ጨርቅ እዩ። ትርፍ ከሌለ የሚሰፋ ነገር የለም። ትርፍ ቢኖርም የድሮው ስፌት መስመር ሊታይ ይችላል። ቀለሙ የለቀቀ ጂንስ ላይ ይህ ይብሳል።

ትከሻው ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያምር ግራጫ ኮት ገዛሁ። ትከሻው ይሰፋኝ ነበር። ሻጯ «ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ያስተካክልልሻል» አለችኝ፤ አመንኳት። ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ ወሰድኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ትከሻውን ያጥብቡልኝ።»

ኮቱን ገለበጡት። ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱት። «ልጄ፣ ትከሻ ከተነካ እጅጌው ይፈታል፤ ኮሌታው ይነካል፤ ገበሩ ይወጣል። ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ነው። ሌላውን ሁሉ አምጪልኝ። ትከሻውን ግን ስትገዢ እዪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮት ስገዛ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። ወገብ፣ ርዝመት፣ እጅጌ በኋላ ይደርሳሉ። ያንን ኮት ትከሻዋ ሰፋ ያለ ዘመዴ ወሰደችው፤ ልኳ ሆነ።

ስትሰጡ ልብሱን ለብሳችሁ በስፒል ይያዝ። በቃል «ትንሽ አጥብበው» ማለት አያግባባም፤ የእናንተ ትንሽና የሱ ትንሽ ይለያያል። የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ ልብሱ ላይ አያይዙ። ስትቀበሉ እዚያው ለብሳችሁ እዩ። ተቀመጡበት። እጃችሁን አንሱ። የቀረ ነገር ካለ በትሕትና እዚያው ተናገሩ። ቤት ከገባ በኋላ ማንም መልሶ አይወስደውም።

ጥቁር ሱሪ ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከለቀቀ ማስነከር ይቻላል። ይህ የሚሠራው ጥጥ ላይ ነው። ፖሊስተር በተለመደው መንከሪያ ቀለም አይዝም። ስፌቱ የተሰፋበት ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ የድሮ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

7. አሁን የጎደለውን ግዙ

የተስተካከሉት ልብሶች ሲመለሱ የጎደለው በግልጽ ይታያል። ጻፉት፤ ከ5 አይብለጥ። እያንዳንዱ የምትገዙት ነገር አሁን ካላችሁ ልብስ ቢያንስ ከሦስቱ ጋር የሚሄድ ይሁን። ከአንድ ቀሚስ ጋር ብቻ የሚሄድ ጃኬት ነገ ሌላ ግዢ ይጠራል።

ዋጋን በለበሳችሁት ቀን ብዛት አካፍሉ። 3,000 ብር የወጣበት ጃኬት 100 ቀን ከተለበሰ በቀን 30 ብር ነው። 1,200 ብር የወጣበት ቀሚስ 2 ጊዜ ተለብሶ ከተተወ በቀን 600 ብር ነው። ርካሹ የቱ እንደሆነ ያኔ ይታያል።

መርካቶ ስትሄዱ በጠዋት፣ ልብሱን በቀን ብርሃን አውጥታችሁ እዩ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ በአምፖል አይለዩም። ሳልባጅ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ቦታ አይታለፍም። ብብቱ፣ የሱሪው መቀመጫና የእግሮቹ መሐል፣ የእጅጌው ጫፍ። ጨርቁን ወደ ሰማይ አንስታችሁ በብርሃን እዩ፤ የሳሳ ቦታ ይታያል። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ቤት ስትደርሱ ሌላ ልብስ ሳይነካው በፊት ጨርቁ በሚችለው ሙቅ ውሃ እጠቡት። ሳልባጅ ውስጥ ጥሩው ነገር የሱፍ ኮትና ወፍራም ጥጥ ሸሚዝ ነው። አዲስ ቢገዙ የማይቀመሱ ጨርቆች አንዳንዴ እዚያ ይገኛሉ።

መለያው የወለቀ ልብስ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከውስጥ ስፌቱ ትንሽ ክር ምዘዙ። ሲኒ ላይ በክብሪት አቃጥሉት። እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ከሆነ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር መጥፎ ነው አልልም፤ አይጨማደድም፤ ቶሎ ይደርቃል። ግን ላብ አይመጥም። ከቆዳ ጋር የሚነካካውን ጥጥ አድርጉት።

8. የሀገር ልብስን ወደ አዘቦት አምጡት

ይህን በጣም እወደዋለሁ። የሀገር ልብስ ለበዓል ብቻ መሆን የለበትም። ቀጭን ጥለት ያለው ነጠላ በጂንስና በነጭ ሸሚዝ ላይ አንገት ላይ ሲጣል ቢሮ ያስኬዳል። ከሸማ የተሰፋ ሸሚዝ ለወንድም ለሴትም ፏ ያደርጋል፤ ቀትር ላይም ቀዝቃዛ ነው።

አሮጌ የሀበሻ ቀሚስ ካላችሁ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ታችኛው ጠርዝ ነው። ከወገብ በላይ ያለው ጤነኛ ከሆነ ልብስ ሰፊ ቆርጦ አጭር ሸሚዝ ያደርገዋል። ጥለቱ ብቻ ከተረፈ ደግሞ ተፈትቶ ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ወይም ኪስ ላይ ይሰፋል። የአያቴ ቀሚስ ጥለት ዛሬ ሰኞ ሰኞ በምለብሰው ሸሚዝ እጅጌ ላይ ነው።

አዲስ ለመግዛት እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ውጡ። እዚያ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙያውን ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ ይዘውት የመጡ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ጥለቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ክሩ በጀርባውም አለ። የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው። የታተመው ርካሽ ነው፤ ግን የሸማኔውን እንጀራ ይዘጋል፤ ሲታጠብም ቶሎ ይደበዝዛል።

9. ጫማ

ሦስት ጥንድ ይበቃል። አንድ የቆዳ ጫማ፣ አንድ ሸራ ወይም ስኒከር፣ አንድ ለክረምት ጭቃ። አንዱን ጫማ በየቀኑ አታድርጉ፤ ቆዳው የጠጣውን ላብ እንዲያደርቅ አንድ ቀን ይረፍ። ዝናብ ከመታው ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሶል ሲሳሳ ሳይበሳ አስለጥፉት። ተረከዝም እንደዚያው። ጫማው የታደሰ ሰው ልብሱም አዲስ ይመስላል።

10. አጠባው ልብሱን እንዳይበላው

በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ነው። ሱፍ ያጠፋል፤ የሚለጠጥ ጂንስ ያረግባል። ጥቁር ልብስና ጂንስ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ጥላ ላይ ይሰጣ። ሹራብ አይንጠልጠል፤ ይረዝማል። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ጥለት ያለውን ልብስ ከማጠባችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ተጫኑት። ቀለም ከያዘ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ታጥቦ ይውጣ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ውሃ በሚመጣበት ቀን መጀመሪያ የሥራ ልብሱን እጠቡ፤ አንሶላው ይቆይ።

11. እሑድ ማታ አቀናብሩ

አሁን ያላችሁን ልብስ አጣምሩት። 5 የላይ ልብስና 3 ሱሪ ወይም ጉርድ ካላችሁ፣ ቀለማቸው ከተግባባ 15 ዓይነት አለባበስ ይወጣል። ሁለት ጃኬት ሲጨመር፣ ያለ ጃኬት የሚለበሰው ጭምር 45 ይደርሳል። ግን በጭንቅላት አይታወስም። አንድ እሑድ ከሰዓት ለብሳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከነጫማው፣ ከነቦርሳው። ለብቻው አልበም አድርጉለት። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ካውያ ባይሠራም የማይጨማደድ ልብስ ያለበትን ፎቶ ፈልጋችሁ ትወጣላችሁ።

አንድ ቅንብር ሲያምርባችሁ ደጋግሙት። ሰው በየቀኑ አዲስ ልብስ ያይብኛል ብላችሁ አትጨነቁ። ደህና የሚለብሱ ብዬ የማስባቸው ሰዎች ሁሉ የሚደጋግሙት ነገር አላቸው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪና ትልቅ የብር ጉትቻ ናት። ከሩቅ ስትመጣ እሷ መሆኗን እናውቃለን።

የአምስቱን ቀን ልብስ እሑድ ማታ ተኩሳችሁ በቅደም ተከተል አንጠልጥሉ። ቁልፍ የላላበት ካለ ያኔ ትከሉት። መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ ያቺ የቁልፍ ቆርቆሮ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጡ። ልብስ ሰፊው ጋ የሚሄደው ፌስታልም በሩ ሥር ተንጠልጥሎ ይቆይ። በሳምንቱ ውስጥ የተተረተረ ወይም የሰፋ ነገር ስታገኙ ወደ ቁም ሳጥኑ አትመልሱት፤ ፌስታሉ ውስጥ ጨምሩት።